ስኳር ያለባት እናቴ እንጀራዋን በምን መረጠች?

ቀወት ውስጥ ስኳር የተገኘበት ሰው መጀመሪያ የሚሰማው ምክር «ጤፍ ብቻ ብላ» የሚል ነው። መካሪው ጎረቤት ነው፣ ዘመድ ነው፣ አንዳንዴም ለመድኃኒት ወረፋ አብሮ የተቀመጠ ታማሚ ነው። በይፋት ቆላ ደግሞ የዕለት እንጀራ ማሽላ ነው። ጤፍም ይመረታል፤ ግን ገበያ የሚወጣው ይበዛል። ስለዚህ ምክሩ ወደ ቤት ሲገባ የምግብ ጉዳይ ብቻ ሆኖ አይቀርም። ማሽላው ይሸጣል፣ ጤፍ ይገዛል፣ ለአንድ ሰው ለብቻ ይቦካል፣ ለብቻ ይጋገራል። በእኛም ቤት ሁለት ዓመት ያህል ሲደረግ የኖረው ይኸው ነው።

እናቴ ከሸዋ ሮቢት ወጣ ብላ ባለች የገጠር ቀበሌ ነው የምትኖረው። ስልሳ አምስት ዓመት አልፏታል። ስኳር እንዳለባት ከታወቀ ስድስት ዓመት ሆነ። የምትታከመው በእንክብል ነው፤ ሜትፎርሚንና ግሊቤንክላማይድ ትወስዳለች። እኔ የምኖረው አዲስ አበባ ስለሆነ፣ በደብረ ብርሃንና በደብረ ሲና አድርጎ ወደ ቆላው የሚወርደውን ከ220 ኪሎ ሜትር በላይ የሆነ መንገድ የምሄደው በበዓልና በዓመት ፈቃድ ነው። አጠገቧ ያለው ታላቅ ወንድሜ ነው፤ ወንድም ጋሼ እንለዋለን። ጤፉን የሚገዛው እሱ ነበር።

ጤፍ እየተበላም ቁጥሩ አልወረደም። በየሁለት ወሩ ለክትትል ስትሄድ በባዶ ሆድ የሚለካው ስኳሯ 190፣ 210፣ አንዴም 226 ሆኖ ይወጣል። ለአብዛኛው ስኳር ያለበት አዋቂ በባዶ ሆድ የሚፈለገው ከ80 እስከ 130 ነው። ቤት ስትመለስ ጥያቄው ይጀምራል። «ለቅሶ ቤት ምን በላሽ?» «ቡናው ላይ ስኳር ጨመርሽ እንዴ?» ወንድም ጋሼ ክፉ ሰው አይደለም፤ የጤፉ ገንዘብ ከየት እንደሚመጣ የሚያውቅ አባወራ ነው። እናቴ ግን ቀስ በቀስ ከሰው ጋር መብላት ተወች። የማኅበር ቀን ሲደርስ ለመቅረት ምክንያት ትፈልጋለች። ራት ላይ ትንሽ ቆንጥራ «ጠገብኩ» ትላለች። አንድ ማታ በስልክ «ልጄ፣ በስተርጅና ሌባ ሆንኩ እኮ» አለችኝ።

ከዚያ በኋላ ብዙም ሳይቆይ፣ አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ መንገድ ላይ ላብ አጠመቃት፤ እጇ ተንቀጠቀጠ፣ አንደበቷ ተሳሰረ። ጠዋት እንክብሏን ውጣ እህል አልቀመሰችም ነበር። ጤና ጣቢያ ደርሳ ስትለካ ስኳሯ 52 ሆኖ ተገኘ። ከ70 በታች ከወረደ ቶሎ የሚጣፍጥ ነገር መውሰድ ያስፈልጋል፤ ከዚያም በታች ሲሄድ ራስ ያስታል፣ ይገድላልም። ስኳሬ ይጨምራል ብላ ምግብ የሸሸችው ሴትዮ ስኳሯ ወርዶ ልታልፍ ነበር። የቤት ውስጥ መለኪያ ይኑር ተብሎ የተወሰነው በዚያው ሳምንት ነው።

መጀመሪያ የመጣው መለኪያ ከእንግሊዝ የአክስቴ ልጅ የላከችው ነው። ጣቷን ወግተው ቢለኩ መስኮቱ ላይ 9.6 የሚል ቁጥር ወጣ። ወንድም ጋሼ «ዘጠኝ ገባች፣ ልትሞት ነው» ብሎ ደወለልኝ። ነገሩ የመስፈሪያ ልዩነት ነው። እኛ አገር የደም ስኳር የሚነገረው በሚሊ ግራም ሲሆን በእንግሊዝና በሌሎች ብዙ አገሮች ሚሊሞል በሚባል መስፈሪያ ነው። የእነሱ ቁጥር በ18 ሲባዛ የእኛ ይመጣል፤ 9.6 ማለት 173 ገደማ ነው። ከውጭ መለኪያ የተላከላችሁ አንባቢዎች ይህቺን 18 ደብተራችሁ ጀርባ ላይ ጻፏት።

ያ መሣሪያ ብዙም አልሠራልንም። አብሮት የመጣው ስትሪፕ አለቀ፤ የእሱ ዓይነት ሸዋ ሮቢትም ደብረ ብርሃንም አልተገኘም። እያንዳንዱ መለኪያ የሚቀበለው የራሱን ስትሪፕ ብቻ ነው። ስለዚህ ሁለተኛውን ስንገዛ መጀመሪያ የጠየቅነው «የዚህ ስትሪፕ ሳይቋረጥ ይመጣል ወይ?» ብለን ነው። መሣሪያው አንዴ ይገዛል፤ ስትሪፑ ግን ሁልጊዜ ይገዛል፣ ዋናው ወጪም እሱ ነው። ዘመድ ከውጭ «ምን ልላክ?» ሲላችሁ ያላችሁን መለኪያ ስም ነግራችሁ ስትሪፕ አስልኩ እንጂ ሌላ አዲስ መሣሪያ አታስልኩ።

ቤት ውስጥ መለካት ዛሬ ተራ ነገር ይመስላል፤ የጀመረው ግን ሐኪሞች ሳይሆኑ አንድ ታማሚ መሐንዲስ ነው ማለት ይቻላል። አሜሪካዊው ሪቻርድ በርንስታይን በ12 ዓመቱ እ.ኤ.አ. በ1946 ስኳር ተገኘበት። በ1960ዎቹ መጨረሻ፣ ሠላሳዎቹ ዕድሜ ውስጥ ሳለ፣ ለሆስፒታል ብቻ የሚሸጥ የደም ስኳር መለኪያ መኖሩን በማስታወቂያ አየ። ለታማሚ ስለማይሸጥ ሐኪም የነበረችው ባለቤቱ በስሟ ገዛችለት። በቀን ብዙ ጊዜ እየለካ የትኛው ምግብና ስንት መድኃኒት ምን እንደሚያደርገው መዘገበ። ያገኘውን ጽፎ ለሕክምና መጽሔቶች ቢልክ የሚቀበለው አጣ፤ በ45 ዓመቱ ሕክምና ትምህርት ቤት ገብቶ ራሱ ሐኪም ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2025 በ90 ዓመቱ አረፈ። እሱ ይመክረው የነበረው እህል የሚባል ነገር ከሞላ ጎደል የሌለበት አመጋገብ ለእንጀራ በላ ሕዝብ ይሆናል የሚል እምነት የለኝም፤ ባለሙያዎችም ይከራከሩበታል። ምግብን በመለኪያ መጠየቅ የሚለው ሐሳብ ግን አገር አይመርጥም።

መጠየቅ የምለው በምክንያት ነው። መለካት ብቻውን አያድንም። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ፣ አሜሪካ ውስጥ በሰሜን ካሮላይና የተካሄደ አንድ ጥናት ኢንሱሊን የማይወስዱ 450 የዓይነት ሁለት ስኳር ታማሚዎችን ዓመት ሙሉ ተከታትሏል። በየቀኑ አንዴ የለኩትና ጭራሽ ያልለኩት ሰዎች በዓመቱ መጨረሻ የስኳር ቁጥጥራቸው የሚባል ልዩነት አልነበረውም። ይህን ያነበበ ሰው «ታዲያ ለምን ገንዘብ እናባክናለን?» ቢል አይፈረድበትም። በሌላ ጥናት ግን፣ ለሦስት ቀን ከእያንዳንዱ ምግብ በፊትና በኋላ ለክተው ወረቀቱን ለሐኪማቸው ያቀረቡ ታማሚዎች ከሌሎቹ የተሻለ ውጤት አሳይተዋል። ጠዋት ተነስቶ አንድ ቁጥር አይቶ ማዘን ወይም መደሰት ለምግብ ምርጫ የሚሰጠው ነገር የለም። የጠዋቱ ቁጥር ውስጥ የትናንት ራት አለ፣ ሌሊት ጉበት ወደ ደም የሚለቀው ስኳር አለ፣ መድኃኒቱ አለ። ጥፋቱ የማን እንደሆነ አይናገርም። እናቴ ሁለት ዓመት ሙሉ የተጠረጠረችው በዚህ ቁጥር ነበር።

እኛ ያደረግነው እንዲህ ነው። አንድ ስትሪፕ ልትበላ ስትል፣ አንድ ስትሪፕ ከመጀመሪያው ጉርሻ ሁለት ሰዓት በኋላ። ምሽት 1 ሰዓት ላይ ከበላች 3 ሰዓት ላይ ትለካለች። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የዚያ ሰሃን ሥራ ነው። ሰባተኛ ክፍል የሆነው የወንድሜ ልጅ በደብተር ይጽፋል፦ ቀን፣ ምን ተበላ፣ ስንት እንጀራ፣ በፊት ስንት፣ በኋላ ስንት። ስትሪፕ በብልቃጥ 50 ነው። በሳምንት አራት ለአሥር ሳምንት አርባ ይሆናል፤ ቀሪው አሥር «ራሴን አዞረኝ፣ አላበኝ» ለምትልበት ቀን ይቀመጣል። በሳምንት አራት ስትሪፕ ሁለት ጥንድ ማለት ነው፤ ሁለት ጥንድ ደግሞ ሁለት ጥያቄ።

የመጀመሪያው ጥያቄ መቼም የታወቀ ነው፤ ያው የጤፉ። እንደተለመደው ሁለት የጤፍ እንጀራ በድንች ወጥ በላች። በፊት 142፣ በኋላ 251። በማግስቱ ያው ሁለት እንጀራ፣ ያው ድንች ወጥ፣ እንጀራው ግን ማሽላ። በፊት 139፣ በኋላ 238። አንዱ 109 ጨመረ፣ አንዱ 99። ይህን አይቶ «ማሽላ ይሻላል» ማለት ስሕተት ነው። የቤት መለኪያ ራሱ የሚፈቀድለት ስሕተት አለ፤ በዓለም አቀፉ መስፈርት መሠረት ቁጥሩ ከ100 በላይ ሲሆን ወደ ላይም ወደ ታችም እስከ 15 በመቶ ሊለያይ ይችላል። እውነተኛው 200 ቢሆን መለኪያው 170 ወይም 230 ሊል ይችላል ማለት ነው። ስለዚህ አሥር ቁጥር ልዩነት ወሬ አይሆንም። ወሬ የሚሆነው ሁለቱም መቶ ገደማ መጨመራቸው ነው። ጤፉ ገንዘቡን በላ እንጂ ስኳሩን አልያዘም።

ወንድም ጋሼ ደብተሩን አገላብጦ አየና ዝም አለ። ሁለቱንም ሰሃን ያቀረበው እሱ ራሱ ነበር፤ ከዚያ ውጪ የተበላ ነገር እንደሌለ ያውቃል።

ጤፍ መጥፎ እህል አይደለም። ከነገለባው ስለሚፈጭ ቃጫው አይጣልም፤ ከነጭ ዱቄት ዳቦ ጋር ሲወዳደር የተሻለ ነው። ነገር ግን በቤልጅየም የጌንት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2017 ያወጡት የቤተ ሙከራ ጥናት የጤፍ እንጀራ ስታርች ቶሎ እንደሚፈጭና ስኳር የማሳደግ አቅሙ ከፍ ያለ እንደሆነ አሳይቷል። ደቅቆ የተፈጨ፣ በውሃ ቦክቶ የበሰለ እህል ሆድ ውስጥ የሚያቆየው ነገር የለም። የማሽላ ስታርች በፕሮቲን ስለሚታቀፍ ቀስ ብሎ ይፈጫል የሚሉ የምግብ ሳይንስ ባለሙያዎች አሉ፤ በእናቴ ደም ላይ ግን ያን ያህል የጎላ ልዩነት አላየንም። በሌላ ሰው ላይ ሊታይ ይችላል። መለኪያው የሚጠቅመውም ለዚህ ነው፤ የሚመልሰው ስለ እናቴ እንጂ ስለ ሰው ሁሉ አይደለም።

ሁለተኛው ጥያቄ ድንቹ ነበር። እንጀራ በድንች ወጥ ማለት ለስኳር ታማሚ እህል በእህል መብላት ነው፤ በጾም ወቅት ደግሞ ገበታው ላይ የሚበዛው እሱው ነው፣ ወይ ፓስታ ወይ ሩዝ ይታከልበታል። ድንቹ ወጣና በቦታው የማሾ ሽሮና የተቀቀለ ጎመን ገባ፤ እንጀራው ከሁለት ወደ አንድ ወረደ፣ ጎመኑ በዛ። በጤፍ እንጀራ በፊት 136፣ በኋላ 181። በማሽላ እንጀራ በፊት 144፣ በኋላ 186። ጭማሪው ከመቶ ወደ አርባዎቹ ወረደ፤ ደግመን ለካነው፣ ያው ነው። ሆዷም አልተራበም፤ ጥራጥሬ ቃጫና ፕሮቲን ስላለው ያቆያል።

የሚያሳዝነውም የሚያስቀውም እዚህ ላይ ነው። ማሾ የእኛ አካባቢ ሰብል ነው። ከቀወት፣ ከኤፍራታና ግድም የሚወጣው ማሾ በአብዛኛው ለውጭ ገበያ ነው የሚሄደው። ገበሬው «ማሾ ለብር ነው እንጂ ለሆድ አይሆንም» ይላል። ቤታችን ውስጥ ለእናቴ ጤፍ ለመግዛት የሚሸጠው እህል ውስጥ አንዱ ማሾ ነበር። ዘንድሮ ግማሽ ኩንታል ለቤት ቀርቷል። ንፍሮውንም ሞከርነው፤ ለቁርስ አንድ ስኒ የማሾ ንፍሮ በልታ ከ148 ወደ 171 ነው የሄደው። የማሽላ ገንፎ በዚያው ሰዓት ከ151 ወደ 262 ወስዷት ነበር። ገንፎውን ስትወደው ግን አይጣል ነው። አሁን በወር አንዴ፣ በትንሽ ሰሃን፣ ከአይብ ጋር ትበላለች።

ከምግቡ እኩል የገረመን እግሯ ነው። ያንኑ የአንድ እንጀራና የማሾ ራት በልታ፣ ገበታው እንደተነሳ እስከ ጎረቤት ደርሳ ተጫውታ ስትመለስ፣ ሩብ ሰዓት የሚሆን እርምጃ ነው፣ የሁለት ሰዓቱ ቁጥር 163 ሆነ። ከምግብ በኋላ ለ15 ደቂቃ መራመድ የአረጋውያንን ስኳር እንደሚያወርድ በጥናት የታየ ነገር ነው። ያውም ከምግብ በኋላ መሆኑ ነው የሚጠቅመው፤ ሆድ ያገኘውን ጡንቻ ወዲያው ይወስድለታል።

ስንቱ ይበቃል የሚለውን ሐኪም ነው የሚወስነው። ለአብዛኛው ሰው ከምግብ በኋላ ከ180 በታች ይባላል። ዕድሜ ለገፋ፣ ስኳሩ ወርዶ ለሚያውቅ ሰው ልል ይደረጋል፤ ለእናቴ ሐኪሟ «ከ200 ካላለፈ ይበቃናል» ብለዋታል። እኛ ደግሞ ለራሳችን አንድ ልክ አበጀን፦ ከ50 በላይ የጨመረ ሰሃን ከብዷታል፣ ይቀነስ ወይም ይቀየር። አንድ ጊዜ የሚቀየረው አንድ ነገር ብቻ ነው። እንጀራውም ወጡም ሰዓቱም አብረው ከተቀየሩ ቁጥሩ የየትኛው እንደሆነ አይታወቅም።

የቆላ ቤት ለዚህ ነገር ሁለት ፈተና አለው። አንዱ ፍሬው ነው። ማንጎ ልጣ፣ ፓፓያ ቆርጣ የምትለካ ሴት ጣቷ ላይ የቀረው ጭማቂ ቁጥሩን ሰማይ ያደርሰዋል። ጃፓን ውስጥ በተደረገ ሙከራ ፍሬ ልጠው የተለኩ ሰዎች ጣታቸው በአልኮል ተጠርጎ እንኳ የተሳሳተ ከፍተኛ ቁጥር ሰጥቷል፤ በውሃ ሲታጠቡ ተስተካክሏል። እጅ በውሃና በሳሙና ታጥቦ በደንብ ይደርቅ፤ እርጥብ ጣት ደሙን ያቀጥነዋል። የሚወጋው የጣት ጫፍ ጎን ነው፣ መሐሉ ያማል፤ ደሙም በኃይል አይጨመቅ።

ሁለተኛው ሙቀቱ ነው። ብዙው ስትሪፕ ከ30 ዲግሪ በማይበልጥ ቦታ ይቀመጥ ተብሎ ተጽፎበታል፤ ሸዋ ሮቢት ግን ከቀትር በኋላ 30ን ማለፍ ልማዷ ነው። ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ያለ መደርደሪያ፣ መስኮት ላይ፣ መኪና ውስጥ ማስቀመጥ ስትሪፑን ይገድለዋል። እኛ ቤት የሚቀመጠው ወለሉ ቀዝቀዝ ባለው ጓዳ፣ እንስራው አጠገብ ነው፤ ርጥበት እንዳይነካው ብልቃጡ ተከድኖ ክዳን ባለው ቆርቆሮ ጣሳ ውስጥ ነው። ስትሪፕ ከራሱ ብልቃጥ ወጥቶ በወረቀት አይጠቀለልም። ከተከፈተ ስንት ወር እንደሚያገለግል ብልቃጡ ላይ ይነበባል፤ የተከፈተበትን ቀን እዚያው በእስክሪብቶ መጻፍ ይበጃል።

ቤት ውስጥ መለኪያ መኖሩ ከተሰማ በኋላ ጎረቤት ሁሉ «እኔንም ለኩኝ» እያለ መጣ። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የአንድ ሰው መውጊያ መርፌ ሌላ ሰው ላይ አይገባም፤ የጉበት በሽታና ኤች አይ ቪ በደም ይተላለፋሉ። መውጊያው እስክሪብቶ ራሱ እንኳ የአንድ ሰው ብቻ ቢሆን ይሻላል። የወንድሜ ሚስት አሁን መጪውን ሁሉ ቡና አፍልታ ወደ ጤና ጣቢያ ትሸኛለች። ስኳር አለብህ ወይም የለብህም የሚባለው እዚያ ነው። ያገለገለው መርፌ ደግሞ ክዳን ባለው ጠንካራ የፕላስቲክ ጠርሙስ ተጠራቅሞ ወደ ጤና ጣቢያ ይመለሳል፤ ልጆች የሚጫወቱበት ጓሮ አይጣልም።

ጾምም አለ። ይፋት ክርስቲያኑም ሙስሊሙም በአንድ መንደር የሚኖርበት አገር ስለሆነ ጥያቄው በሁለቱም ቤት አንድ ነው። እናቴ የንስሐ አባቷን አማክራ ሰዓት መጾም ትታለች፤ የፍስክ ምግብ ግን በጾም አትነካም። ጎረቤታችን ሐጂ ደግሞ ረመዳንን ሊጾሙ ሐኪም አማክረው መድኃኒታቸው ሰዓቱ ተቀይሮላቸዋል። «ጣቴን ብወጋ ጾሜ ይፈርሳል ወይ?» ብለው ተጨንቀው ነበር። አይፈርስም፤ ዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም ፌዴሬሽን ከሃይማኖት ሊቃውንት ጋር መክሮ ባወጣው መመሪያ ላይ መለካት ጾም እንደማያፈርስ፣ ስኳሩ ከ70 በታች ከወረደ ወይም ከ300 በላይ ከወጣ ግን ጾሙ ወዲያው መፈታት እንዳለበት ተጽፏል። ሐጂ ቁጥሩን በወረቀት ጽፈው ኪሳቸው ይዘውታል።

ቁጥሩ ወርዶ የተገኘ ቀን የሚደረገውን ልጁም ያውቀዋል፤ ከ70 በታች ከሆነ ሦስት የሻይ ማንኪያ ሙሉ ስኳር በውሃ በጥብጦ ያጠጣታል፣ ከሩብ ሰዓት በኋላ ደግሞ ይለካል፣ ካልተነሳ ይደግማል፤ ከዚያ እህል ትቀምሳለች። ራሷን ከሳተች ግን በአፏ ምንም ነገር አይገባም፤ ትንቅ ይሆናልና፣ በፍጥነት ወደ ሕክምና ነው። ማሩም ከረሜላውም በጎን እንደሚቀመጥ ነግረነዋል፤ ከረሜላው ግን ሁለት ጊዜ ጠፍቷል።

የኛ የአራት ስትሪፕ ዕቅድ ለሁሉም አይሆንም። ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው፣ በተለይ ልጅ፣ እንዲሁም ነፍሰ ጡር ሴት በቀን ብዙ ጊዜ መለካት ያስፈልጋቸዋል፤ የእነሱን ልክ የሚያወጣው ሐኪማቸው ነው። ቁጥር አይተው መድኃኒት ማቋረጥ ወይም መጨመርም አይገባም። በደብተር የሚስተካከለው ሰሃኑ ነው።

ደብተሩን ሐኪሟ ሲያዩት ብዙ ጠየቋት ብላኛለች፤ ቀድሞ ሁለት ደቂቃ ያልሞላው ክትትል ያን ቀን ረዘመ። ከሰዓት በኋላ ስኳሯ ወደ 70ዎቹ የወረደባቸውን ሁለት ቀኖች አይተው ግሊቤንክላማይዱን በግማሽ ቀነሱላት። በባዶ ሆድ አሁን 140ዎቹ ውስጥ ናት። የሦስት ወሩን አማካይ የሚያሳየው ምርመራ ደብረ ብርሃን ሄዳ ተሠርቶላት ከ9.1 ወደ 7.8 ወርዷል። ተአምር አይደለም፤ ለእሷ ዕድሜ ግን ሐኪሟም እኛም ረክተናል። ወንድም ጋሼ «ምን በላሽ?» ብሎ ሲጠይቃት ከሰማሁ ቆየሁ፤ የሚጠይቃት «ስንት ሆነ?» ነው። የማኅበሩም ተራ ባለፈው ወር ቤታችን ሆኖ፣ ከእንግዶቹ ጋር ተቀምጣ በልታለች፤ በኋላ የተለካው 194 ነው።

አሁን ደብተሩ ላይ ሁለት ስትሪፕ ተመድቦለት የሚጠብቀው ጥንቅሽ ነው። ማሽላው ሊደርስ ነው፣ ልጆቹ ማኘክ ጀምረዋል። የወንድሜ ልጅ «አያ፣ ከ50 በላይ ይዘላል» ብሎ ከአባቱ ጋር ተወራርዷል። እናቴ ደግሞ የምታኝከው ከራት በኋላ እንጂ በባዶ ሆድ እንዳልሆነ፣ ያውም አንድ አንጓ ብቻ እንደሆነ ይጻፍልኝ ብላለች።